የሩዙ ሜዳና የወንድሜ ፊት

ጡረታ ወጥቼ ወረታ ከገባሁ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። አዲስ አበባ ያን ያህል ዘመን ምን ስትሠራ ኖርህ ይሉኛል። የፊልም ቀለም አርም ነበር እላለሁ። ጎረቤቴ ጋሽ ሰይድ፣ የሩዝ መፈልፈያ ያላቸው ነጋዴ፣ ይህን ሰምተው የመፈልፈያ ቤታቸውን በር እንድቀባላቸው ጠየቁኝ።

“የብረት በር ነው። ሰማያዊ ቢሆንልኝ ደስ ይለኛል” አሉ።

“ጋሽ ሰይድ፣ እኔ በር አልቀባም።”

“ታዲያ ምኑን ነው የምትቀባው?”

“ምንም አልቀባም። ተቀርጾ የመጣውን ፊልም ቀለሙን አስተካክላለሁ። የሰው ፊት ሲጠቁር፣ ሰማዩ ሲቀላ…”

“ሰማዩንማ አላህ አስተካክሎት የለም እንዴ?” ብለው ሳቁ። በሩን ሌላ ሰው ቀባላቸው።

እኔም ሳቅሁ። ቤት ገብቼ ግን ነገሩ ከሆዴ አልወጣ አለ። ዕድሜዬን የፈጀሁበትን ሥራ የአገሬ ሰው አያውቀውም። የማያውቀው ሰው ደግሞ ወንድሜ ምን እንደሆነ ሊገባው አይችልም። ስለዚህ ልጽፈው ተቀመጥሁ። መጻፍ አልለመድሁም። የተማርሁት እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ በኋላ ስጽፍ የኖርሁት ቁጥር ብቻ ነው። ቢንተፋተፍብኝ አንባቢ ይታገሠኝ።

ለእናታችን ሁለት ልጆች ነበርን። ደምለው በሦስት ዓመት ይበልጠኛል፤ አያ ደምለው ነበር የምለው። ቤታችን ከወረታ ወጣ ብሎ የፎገራ ሜዳ የሚጀምርበት ላይ ነው። ክረምት ርብ ሲሞላ ውኃው እስከ ከብቶቹ በረት ይደርሳል፤ ሲመለስ ጭቃውን ትቶልን ይሄዳል። አባታችን የሞተው እኔ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ሲያስለው ብርድ ነው፣ ደህና ነኝ ይል ነበር። እማ በግድ ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሐኪሙ ራጅ አስነሥቶ፣ ራጁን በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘርግቶ፣ ሳንባው ላይ ያለውን አሳያት። እማ ያን ቀን ያየችውን ዕድሜ ልኳን አልረሳችውም። ሰውየው አፉን ሞልቶ ደህና ነኝ ሲል፣ ሕመሙ ከውስጥ ተቀምጦ በብርሃን ታየ። ይህን የማነሣው ኋላ ስለሚመጣ ነው።

አባታችን ሲሞት አያ ደምለው ትምህርቱን ትቶ ሞፈር ያዘ።

“አንዳችን እንማር። አንተ ትሻላለህ፤ እኔ መጽሐፍ ስይዝ እንቅልፌ ይመጣል” አለኝ።

እንቅልፉ አይመጣም ነበር። ከእኔ ይልቅ እሱ ነበር ጎበዙ።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨረስሁ፤ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ውጤት ግን አላመጣሁም። አፍሬ አዲስ አበባ አጎቴ ዘንድ ሄድሁ። ፊልም የሚያጥብና የሚያባዛ አንድ የመንግሥት ክፍል ሰው ይፈልጋል ተባለና ተቀጠርሁ። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ስለ ደመወዝ ይህ ይበቃል። መጀመሪያ ገንዳ አጥቤ፣ መድኃኒት በጥብጬ፣ ቆይቼ ወደ ቀለም ክፍል ተዛወርሁ። እዚያ ጋሽ ዘውገን አገኘሁ።

ጋሽ ዘውገ በንጉሡ ጊዜ ውጭ ተልኮ ይህን ሙያ የተማረ ሰው ነበር። ቀጭን፣ ዝምተኛ። ሁልጊዜ ግራጫ ካፖርት ይለብሳል። የክፍሉ ግድግዳም ግራጫ ነበር። መጀመሪያ የገባሁ ቀን አክስቴ የሠራችልኝን ቀይ ሹራብ ለብሼ ነበር።

“አውልቀው” አለኝ።

“ይበርደኛል እኮ ጋሼ።”

“ይብረድህ። ያንተ ሹራብ እዚህ ግድግዳ ላይ ይንጸባረቅና እኔ እዚያ ፊልም ላይ ያለውን ሰው አቀላዋለሁ። ሰውየው ምን በደለ?”

በማግስቱ የራሱን አሮጌ ግራጫ ካፖርት አመጣልኝ። እጅጌው ይረዝመኝ ነበር፤ ለብዙ ዓመት ለበስሁት።

ሥራው እንዲህ ነው። በደንብ ማስረዳት ከቻልሁ ማለቴ ነው። ፊልም ሲቀረጽ ቀለሙ ተገልብጦ ይወጣል፤ ነጩ ጥቁር፣ አረንጓዴው ቀላ ያለ ሆኖ። ይህ የተገለበጠው ኔጌቲቭ ይባላል። ሰው የሚያየው ኮፒ የሚታተመው ኔጌቲቩን በሦስት መብራት በማሳለፍ ነው፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ። የእኛ ሥራ ለእያንዳንዱ ትዕይንት ሦስት ቁጥር መስጠት ነው፤ እያንዳንዱ መብራት ምን ያህል ይብራ የሚለውን። ሁሉ ነገር ግልብጥ ስለሆነ አእምሮን ያዞራል። ኮፒው ላይ አረንጓዴ እንዲጨምር ከፈለግህ አረንጓዴውን መብራት ትቀንሳለህ። ይህ እስኪገባኝ ብዙ ፊልም አበላሽቻለሁ። ቁጥሩን ሰጥተህ፣ አሳትመህ፣ አሳጥበህ፣ አድርቀህ፣ ከዚያ ነው የምታየው። ካልሆነ እንደገና።

ከሁሉ በላይ ግን ይህን አንባቢ ይያዝልኝ። የምትሰጠው ቁጥር ለመላው ትዕይንት ነው። ሰማዩን ለብቻ፣ ሰውየውን ለብቻ ማረም የሚባል ነገር ያን ጊዜ አልነበረም። ሰማዩን ስትነካ ሰውየውንም ነክተሃል።

ጋሽ ዘውገ ከመጀመሩ በፊት ፕሮጀክተሩን ያለ ፊልም ያበራና መዳፉን ብርሃኑ ላይ ይዘረጋል። ዝም ብሎ መዳፉን ያያል። መጀመሪያ ጸሎት መስሎኝ ነበር።

“የሰው ፊት ልዩ ልዩ ነው፤ ጠይም አለ፣ ጥቁር አለ፣ ቀይ አለ” አለኝ አንድ ቀን። “መዳፍ ግን ከሰው ሰው ብዙ አይራራቅም። ስትጠፋ ከመዳፍህ ጀምር።”

ሌላው ልማዱ ሰገነት ላይ መውጣት ነበር። ትንሽ ይሠራና ይወጣል። አህያ ሲያልፍ፣ ሴቶች ልብስ ሲያሰጡ ያያል፤ ተመልሶ ይቀመጣል። እኔ ይህን እንደ ስንፍና ነበር የማየው። አንድ ጊዜ ስለ ክትባት የተሠራ አንድ ሙሉ ፊልም ለብቻዬ ሰጠኝ። ቶሎ ልጨርስና ላስደስተው ብዬ ከወንበሬ ሳልነሣ ሠራሁት። ሲታተም የነርሶቹ ልብስ ሮዝ፣ የሰዎቹ ፊት በርበሬ የተቀባ ይመስል ነበር። እኔ ስሠራው ግን ነጭ ሆኖ ታይቶኛል። ጋሽ ዘውገ አልተቆጣም። በእጁ ይዞ ሰገነቱ ላይ አወጣኝ።

“ዓይንህ ለመደው። ቀይ ነገር ላይ ብዙ ከተቀመጠ ዓይን ቀዩን ነጭ ነው ብሎ ይቀበላል። መልመዱን ራሱ አይነግርህም። ለዚህ ነው የምወጣው” አለኝ።

ፊት ሲያይ ደግሞ የሚጠይቃት አንዲት ጥያቄ ነበረችው። ጥሩ ነው፣ መጥፎ ነው አይልም። “ይህ ሰው ቁርሱን በልቷል?” ይላል። በልቷል ካልሁ እናልፋለን። አልበላም ካልሁ ቁጥሩን እንለውጣለን። መስማማታችን ይገርማል። ከትንሽ ጊዜ በኋላ መንገድ ላይ የማየውን ሰው ሁሉ በልቷል፣ አልበላም እያልሁ ማለፍ ጀመርሁ። በዚያ ዘመን ያልበላው ይበዛ ነበር።

አንድ ቀን ከፎገራ ፊልም መጣ። ስለ አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሩዝ የሚናገር ነበር። አገሩ ራብ ላይ ስለነበር ይህ ሩዝ ሕዝቡን ሲያጠግብ እንዲታይ ይፈለግ ነበር። ቀራጮቹ ግን ዘግይተው ደርሰዋል። ዝናቡም ያን ዓመት ቀደም ብሎ አቁሞ ነበር። ሜዳው ቢጫ ነው፣ ሩዙ አጭር ነው፣ መሬቱ ተሰነጣጥቋል።

በጨለማው ውስጥ ተቀምጠን ስናይ የማኅበሩ ሊቀ መንበር በቢሮው ሆኖ ታየ። ቀጥሎ ሜዳው መጣ። ቀጥሎ አንድ ወጣት፣ ፊቱ የማሳያውን ጨርቅ ሞልቶ፣ አንድ እፍኝ የሩዝ ዛላ በሁለት እጁ ይዞ ወደ እኛ ዘረጋ። ሳቀ። ድምፅ የለውም።

“ጋሼ፣ ይህ ወንድሜ ነው” አልሁ።

ጋሽ ዘውገ ፕሮጀክተሩን አቆመ። ፊልሙን ወደ ኋላ መለሰና እንደገና አሳየኝ። እንደገና መለሰ። በመጨረሻ “ቁጥሩን አንተ ስጠው፤ ከአንተ በላይ የሚያውቀው የለም” አለኝ።

ያን ትዕይንት እንደሠራሁት ሌላ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። እየወጣሁ፣ እየገባሁ፣ እያሳተምሁ። አያ ደምለው ጠይም ነው። ፀሐይ ሲነካው ጉንጩ ላይ ሞቅ የሚል ነገር አለው፤ እሱን እስካገኝ አላረፍሁም። ሲደርስልኝ ጋሽ ዘውገን ጠራሁት። አየና “ቁርሱንም በልቷል፣ ምሳውንም በልቷል” አለ። ከአፉ ከሰማሁት ምስጋና ሁሉ ያ ይበልጥ ነበር።

ፊልሙ ለግምገማ ቀረበ። የክፍሉ ኃላፊ ሁለት ጓዶችን አስከትሎ መጥቶ ከፊት ተቀመጠ። ሜዳው ሲታይ እጁን አነሣ።

“ይህ ምንድን ነው? ፎገራን ነው ወይስ ኦጋዴንን ነው የቀረጻችሁት?”

“ጓድ፣ ሜዳው እንደዚያ ነው የነበረው” አለ ጋሽ ዘውገ።

“እንዴት እንደነበረ አልጠየቅሁህም። ይለምልም።”

“ሜዳው ሲለመልም ሰውየው አብሮ ይለመልማል። ፊቱ የበሽተኛ ፊት ይሆናል። ሁለቱን መለየት አንችልም።”

ኃላፊው ዞር ብሎ ወንድሜን አየው። ጨርቁ ላይ ቆሞ ይስቃል።

“ሰውየውን ማን ያየዋል? ሕዝቡ የሚያየው ሜዳውን ነው” አለ።

ሲወጡ እኔ ማሽኑ ላይ ተቀመጥሁ። ለሁለቱም የሚሆን ቁጥር ይኖራል ብዬ ነበር። ሦስት አሳተምሁ፣ አራት አሳተምሁ። ሜዳው ትንሽ ሲነሣ ፊቱ ይወርዳል። ፊቱን ስመልስ ሜዳው ይደርቃል። የለም። ጋሽ ዘውገ ከኋላዬ መጥቶ እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ።

“ተነሥ። አንተ ውጣ። የወንድምህን ፊት አንተ አታበላሽ። እኔ እሠራዋለሁ።”

ሰገነቱ ላይ ቆሜ ጠበቅሁት። ሲወጣ ካፖርቱን አውልቆ ክንዱ ላይ ይዞት ነበር። “ይህ ልጅ ቁርሱን አልበላም” አለና ደረጃውን ወርዶ ሄደ።

ፊልሙ በየአውራጃው እንዲታይ ተወሰነ። ወረታ የሚሄደው መኪና ላይ፣ አገሩን ያውቀዋል ተብሎ እኔ ተጨመርሁ። ደስ ብሎኝ ነበር። ቤተሰቤን ካየሁ ቆይቼ ነበር።

የገበሬ ማኅበሩን አዳራሽ መስኮት በብርድ ልብስ ሸፈንን፤ ከሰዓት በኋላ ነው። ሴቶቹ ከፊት፣ ሽማግሌዎቹ አግዳሚ ላይ፣ ጎረምሶቹ ከኋላ። አያ ደምለው ከኋላ ነበር። እማ ከፊት። ከአዲስ አበባ አብሮን የመጣው ካድሬ ከፕሮጀክተሩ ጎን፣ ከእኔ አጠገብ ቆመ።

ሊቀ መንበሩ በቢሮው ሲታይ አጨበጨቡ፤ መልኩ ደህና ነበር፤ እሱን የነካው የለም። ከዚያ ሜዳው መጣ፤ ከመስከረም ይልቅ ለምለም ሆኖ። ሰዎቹ ተያዩ። ሜዳቸውን ያውቁታል። የተናገረ ግን የለም። ከዚያ አያ ደምለው መጣ። ጉንጩ ላይ የነበረው ሙቀት የለም። የዓይኑ ነጭ እንኳ ወደ ቢጫ አረንጓዴ ሄዷል።

“ደምለው፣ ቅጠል መስለህ የለም እንዴ!” አለ አንዱ ከኋላ።

“እንግዲያስ ላምህን እሰራት፣ እንዳትግጠኝ” አለ አያ ደምለው።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እማ አልሳቀችም። ከመቀመጫዋ ተነሥታ ወደ ጨርቁ ሄደች። ጥላዋ ፊቱ ላይ አረፈ። ካድሬው “እናት፣ ይቀመጡ” አላት። አልሰማችውም። ዞራ በጨለማው ውስጥ ልጇን ፈለገችው።

ቤት እንደገባን ወደ ደጁ ብርሃን አወጣችው። አውራ ጣቷን ከዓይኑ ሥር አድርጋ ቆዳውን ወደ ታች ጎተተች።

“የወፍ በሽታ ነው” አለች።

“እማ፣ ደህና ነኝ። እየኝ እንጂ፤ አሁን አረንጓዴ ነኝ?”

“አባትህም ደህና ነኝ ነበር ያለው። ገና ከውስጥ ነው። ሳይወጣ ነው የታየው።”

“ያ እኮ ራጅ ነው። ይህ ሲኒማ ነው።”

“ሁለቱንም በብርሃን አይደል የሚያዩት?”

እኔ ገባሁበት። “እማ፣ የቀለም ነገር ነው። አዲስ አበባ ላይ ሩዙ ይለምልም ብለው…”

“ቀስ በል” አለኝ አያ ደምለው። ካድሬውና ሾፌሩ ያረፉት ከአጥራችን ማዶ ነበር። ሜዳውን ቀለም አለመለመው ብሎ መናገር ያን ጊዜ ቀላል ነገር አልነበረም።

እማ ወደ እኔ ዞረች። “አንተ መንግሥት ቤት ነህ ልጀ። ምን በል እንዳሉህ እኔ ምን አውቄ። ወንዛዬ እወስደዋለሁ። ፍል ውኃው ያወጣለታል።”

አያ ደምለው ሳቀ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ “ተዋት። ወንዛዬ ሰው በጤናውም ይሄዳል። ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፌ እመለሳለሁ። እሷ ከተረጋጋች ምን ይጎዳኛል?” አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ጄኔሬተሩን መኪናው ላይ ያሸከመን እሱ ነው። ለብቻው አንሥቶ ሲጭነው ሾፌሩ “ይህ ነው እንዴ በሽተኛው?” አለ። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።

የሆነውን የነገሩኝ ጋሽ ሰይድ ናቸው። ያን ጊዜ ገና ወጣት ነጋዴ ነበሩ፤ ዕቃ ሊጭኑ አዲስ አበባ ሲመጡ መሥሪያ ቤቴ በር ድረስ መጡ። ሻይ ላዝዝላቸው ስል እንቢ ሲሉ ክፉ ወሬ እንደያዙ ገባኝ።

ብሔራዊ ውትድርና የታወጀ ሰሞን ነበር። የእኛ ገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር፣ በፊልም የወጣ ልጅ ነው ብሎ አያ ደምለውን አልነካውም ነበር። የወንዛዬ አካባቢ ሊቃነ መናብርት ግን የምልምል ኮታ ጎድሎባቸው ነበር። የራሳቸውን ልጆች ከሚሰጡ ሊታጠቡ የመጡትን እንግዶች መያዝ ቀለላቸው። አያ ደምለውን ጨምረው ከውኃው አውጥተው ወሰዷቸው። አያ ደምለው የመሸኛ ወረቀት አልያዘም ነበር፤ ለመታጠብ ነው፣ ነገ እመለሳለሁ ብሎ።

“እናትህ ታሟል አለቻቸው” አሉ ጋሽ ሰይድ። “የወፍ በሽታ ነው፣ ሲኒማው ላይ ታይቷል አለች። አንዱ ዓይኑን ገልጦ አየና ‘ይህ ከእኔ ይልቅ ጤነኛ ነው’ አላት። ጋቢው ድንጋይ ላይ ተሰጥቶ ነበር። እሱን ይዛ ተመለሰች።”

ወንድሜ ጤነኛ መሆኑን መጀመሪያ አይቶ የመሰከረለት ሰው የወሰደው ሰው ነው። ይህን ነገር ስንት ጊዜ እንዳሰብሁት አላውቅም።

ለጋሽ ዘውገ ነገርሁት። መስኮቱን እያየ ሰማኝ። “ቁጥሩን የጻፍሁት እኔ ነኝ” አለ። ታዝዘህ ነው አልሁት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት አብረን ሠርተናል፤ መዳፉን ይዘረጋል፣ ሰገነት ይወጣል። ያችን የቁርስ ጥያቄ ግን ዳግመኛ ጠይቆ አያውቅም። ጡረታ ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ሞተ።

ደርግ ሲወድቅ፣ ወታደሩ በየአገሩ ሲመለስ፣ እኔም ፈቃድ ጠይቄ ወረታ መጣሁ። እማ ከመንገዱ ዳር አትጠፋም ነበር። አንድ ቀን የይፋግ ልጅ የሆነ ተመላሽ ወታደር ወደ ቤታችን መጣ። ከአያ ደምለው ጋር በአንድ የጦር ጓድ ውስጥ ነበሩ። እማ ውኃ ልታመጣለት ስትገባ ለእኔ ነገረኝ፤ ሰሜን ላይ፣ መድፍ ነው፣ ወዲያው ነው፣ የምንቀብረው ነገር አልነበረም አለኝ። እማ ውኃውን ሰጠችውና ከፊቱ ተቀመጠች።

“ታሞ ነበር አይደል?” አለችው።

ልጁ እኔን አየኝ።

“አዎ እናቴ። ታሞ ነበር” አላት።

“አልጋ ላይ ነው የሞተው?”

“አልጋ ላይ ነው።”

እማ ራሷን ነቀነቀች። አውቀዋለሁ፣ እኔ ቀድሜ አይቼዋለሁ አለች። ከዚያ አለቀሰች። እንግዲህ እማ በዚህ ኖረች። ልጇን ሕመም ገደለው፣ ጥይት አልነካውም። እሷም አውቃ፣ ልታድነው ወስዳው ነበር፤ ከእጇ ነጠቁባት። ይህ ከሌለ የሚቀራት ጤነኛ ልጇን በእጇ ወስዳ ማስያዟ ነው። ያን ለማንም እናት አልመኝም። የቀለሙን ነገር ዳግመኛ አላነሣሁባትም።

ሥራው ቀጠለ። ቪዲዮ መጣ፤ ገንዳዎቹ ደረቁ፤ እኔ ቁልፍ ማዞር ተማርሁ። መንግሥት ተለወጠ፤ እኔም ለሌላ ኃላፊ ሌላ ሜዳ አለመለምሁ። ያ “ሰውየውን ማን ያየዋል” ያለው ሰው ከዓመታት በኋላ በአንድ ሕንፃ ሊፍት ውስጥ አጋጠመኝ። ሸምግሏል፣ ሽቶ ተቀብቷል። “ስንተኛ ፎቅ ነህ?” አለኝ። ነገርሁት። ቁልፉን ተጫነልኝ።

ጡረታዬ ሲቃረብ ምድር ቤቱ እንዲጸዳ ተባለ። ያረጁ ፊልሞች ወደ ኮምፒውተር እንዲገቡ ሲመረጡ ያ ፊልም ተገኘ። ኔጌቲቩ ጠፍቷል፤ ያለው ያ የታየው ኮፒ ነው። ዘረጋሁት። ሁሉ ቀይ ሆኗል። የፊልም ቀለም በሙቀትና በእርጥበት ሲያረጅ እንዲህ ነው፤ ሌላው ይሞትና ቀዩ ብቻ ይቀራል። ያ ሁሉ ሰው የተሟገተበት አረንጓዴ አንዲት ቅጠል ላይ እንኳ አልነበረም።

አሁን ቀለም የምታርመው ቤዛ የምትባል ልጅ ናት። በጆሮዋ ሙዚቃ እየሰማች ነው የምትሠራው፤ ሥራዋ ግን ጥሩ ነው። ወንድሜ መሆኑን ነገርኋት። የጆሮዋን ማዳመጫ አወጣች።

“ጋሼ፣ ፊታቸውን ለብቻ ልያዘው?”

እንደሚቻል አውቃለሁ። ስትሠራው አይቻለሁ። ግን እሱ ላይ አይቼ አላውቅም። ፊቱ ዙሪያ አንድ ክብ አሰመረች። አያ ደምለው ሲንቀሳቀስ ክቡ ተከተለው። ሜዳው ከውጭ ቀረ። እዚያው ላይ፣ በአንዲት ጣት። ሰገነት ፈልጌ ወጣሁ፤ አዲሱ ሕንፃ ሰገነት የለውም፤ ደረጃው ላይ ቆሜ ተመለስሁ።

“ምን ዓይነት ነበሩ?” አለችኝ።

“ጠይም።”

“ጠይም ብዙ ነው ጋሼ። ምን ዓይነት ጠይም?”

ፊቱን ሳስበው የሚመጣብኝ አዳራሹ ውስጥ ያየሁት ነው። ያ በእጄ ያገኘሁት፣ ያ ሞቅ ያለው፣ ጠፍቶኛል። ልጅቷ ጠበቀችኝ። ስክሪኑ ላይ አያ ደምለው ዛላውን ይዘረጋል፤ መዳፉ ይታያል። ያን ጊዜ የጋሽ ዘውገ ነገር ትዝ አለኝ። እጄን አውጥቼ መዳፌን ከነጩ መብራት ሥር፣ ከስክሪኑ ጎን ዘረጋሁት።

“መዳፉን ከዚህ አስጀምሪው። ፊቱ ይከተላል።”

ቀስ እያለ መጣ። መጀመሪያ መዳፉ፣ ከዚያ አንገቱ፣ ከዚያ ጉንጩ።

“ሜዳውንስ ላለምልመው?” አለች።

“ተዪው። ቢጫ ነበር። ቢጫ ይሁን።”

በስልኬ ላይ ጫነችልኝ። ወረታ ከመጣሁ ጀምሮ በኪሴ ይዤው ዞርሁ። ለእማ ባሳያት፣ ልጇ ጤነኛ እንደነበር ታያለች፤ ያኔ ወንዛዬ ለምን ወሰድሁት ብላ ትጠይቃለች። ባላሳያት፣ ያን የታመመ ፊት በልቧ ይዛ ትቀበራለች። እማ አርጅታለች። አንድ ዓይኗን ሐኪም ሠርቶላት ደህና ያያል። ስንት ቀን አመነታሁ። አንድ ጠዋት፣ ደጅ ተቀምጣ የሩዝ ጠጠር ስትለቅም፣ አጠገቧ ቁጭ አልሁና ከፈትሁት።

“እማ፣ እስቲ ይህን እዪው።”

ሰፌዱን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ስልኩን ወደ ደህናው ዓይኗ አቀረበች። አያ ደምለው ዛላውን ዘረጋ። ሳቀ። ደግሜ አሳየኋት።

“አንተ ነህ” አለች።

እንደገና አስጀመርሁላት።

“አንተ ነህ እኮ። መቼ ነው ሩዝ ያጨድኸው? እንዴት ያምርብህ ነበር። ጠግበህ ያደርህ ትመስላለህ።” ስልኩን መለሰችልኝ። “እሱማ ያን ጊዜ ታሞብኝ ነበር። ፊቱን አላየኸውም? አንተም እኮ ነበርህ።”

“ነበርሁ።”

“እና ይህ አንተ ነህ።”

“አዎ እማ። እኔ ነኝ” አልኋት።

ሰፌዱን አነሣች። ስልኩን ዘግቼ ኪሴ ከተትሁና ጠጠሩን አብሬያት መልቀም ጀመርሁ።